ሳይቃጠል በቅጠል

ወታደር ገላውን ለፀሐይ፣ ለእሾህና ለእሳት የሰጠ ሰው ነው። ስለ ትንሽ ቁስል ሐኪም ዘንድ መሄድን ግን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ስለዚያች የተናቀች ቁስል ልናወጋችሁ ወደድን።

አንድ ቁስል ከወር በላይ ሳይድን ከቆየ፣ ቅርፊቱ እየተነሣ ደጋግሞ ከደማ፣ ወይም ከአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ አዲስ ቁስል ከወጣ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላልና መመርመር አለበት። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከላከላል እንጂ ከዚህ በሽታ ፈጽሞ ነጻ አያወጣም። በውስጥ እግርና በጠባሳ ላይ ሊወጣ ይችላል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ለፀሐይ የተጋለጠ ገላቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አደጋ ላይ ነው።

ሕመሙ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የተባለው ዓይነት ሆኖ ሥር ሳይሰድ ከተደረሰበት ሁልጊዜ ቢላዋ አያሻውም። ሐኪሙ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጅን በሥፍራው ላይ ይረጫል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ይበጣጥሳቸዋል። ኢሚኩዊሞድ የተባለው ቅባት ደግሞ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ቀስቅሶ ወደ ሥፍራው ይጠራል። በግሪክ አገር የአዮአኒና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሁለቱን አጣምረዋል፤ ቅባቱ ለ5 ሳምንታት በየቀኑ ይቀባል፣ ከ2 ሳምንት በኋላ በመካከሉ ማቀዝቀዣው ይጨመራል። ብርዱ ምሽጉን ያፈርሳል፤ ቅባቱ ብርዱ ያልደረሰበትን ቅሪት የሚያሳድድ ጦር ያስነሣል ማለት ነው።

እኅቶቻችን ሆይ፤ በሕክምናው ወቅት የባለቤታችሁ ቆዳ ቢቀላ፣ ቢያብጥና ቢቀርፍ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ሕመሙ ከበረታ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ ቅቤም ሆነ ቅጠል አትጨምሩበት። ብርዱ የቆዳን ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳትንም ስለሚገድል በጥቁር ገላ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ከመከፋት ያድናል።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ለሁሉ አይሆንም። ሥር ለሰደደ ዕጢ፣ ከጠባሳ ላይ ለወጣ ካንሰርና ሜላኖማ ለተባለው ክፉ ዓይነት ዋናው መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከቁስሉ ትንሽ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅባቱን ከጎረቤት ተውሶ መቀባት ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጊዜን የሚያስበላ አደጋ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዛሬ ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ ውስጥ እግራችሁን ተመልከቱ፤ ጀርባችሁን ደግሞ የትዳር ጓደኛችሁ ትይላችሁ። የማይድን ቁስል ካለ ነገ ጠዋት ለሐኪም አሳዩ።