የዳኝነት ፈተና የተፈታኞቹ ብቻ አይደለም

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ አባቶች። በቅሎ የሚያህል ሀብት አጥቶ «እንግዲህ ተፈርዶብኝ ነው» ብሎ የሚቀመጥ ሰው፣ ያለ ዳኛ የተወሰደችበት አንዲት ጭብጦ ግን ዕድሜ ልኩን ታንገበግበዋለች። ተረቱን ስንጠቅስ ግን አንድ ነገር እንረሳለን። በቅሎዋን የተነጠቀው ሰው የሚጽናናው የፈረደበትን ዳኛ ካመነው ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ በማን በኩል ገብቶ ይሆን?» ብሎ ከጠረጠረማ በቅሎዋም እንደ ጭብጦዋ ታንገበግበዋለች።

ዛሬ ስለ ዳኝነት ፈተና ላወራችሁ ነው። የተማርኩት ጋዜጠኝነት እንጂ ሕግ አይደለም። «አንቺን ምን አገባሽ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉም አውቃለሁ። ለነገሩ ጽሑፌም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሁላችንንም ያገባናል! ዳኛ እንዴት እንደሚመረጥ የሕግ ምሩቃን የሥራ ፍለጋ ጉዳይ ብቻ አድርገን ትተነዋል። ተፈታኙ ቢወድቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። መጥፎ ዳኛ ካለፈ ግን ውጤቱን የምንሸከመው ቤት የምንከራየው፣ የምናገባው፣ የምንፋታው፣ የምንወርሰው እኛ ነን።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ክልሉ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ድሬ ግን ክልል ስላልሆነች ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠሩባታል። አንደኛው የፌዴራሉ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ሲቋቋሙ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲኖር ተደርጓል። ሁለተኛው በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የተቋቋመው የከተማችን ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ አንድ የድሬ ልጅ ዳኛ ልሁን ቢል በሩ ሁለት ነው። በከተማው በኩል ከሄደ የሚሾመው የከተማው ምክር ቤት ነው። በፌዴራል በኩል ከሄደ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 81 መንገዱን ተልሞታል፤ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል።

ከዚህ ሹመት በፊት ያለው ወንፊት ነው የእኔ ጉዳይ። ማስታወቂያ ይወጣል፣ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል፣ ቃለ መጠይቅ ይከተላል፣ ከዚያም የዕጩዎቹ ስም ይፋ ሆኖ «አስተያየት ያላችሁ አቅርቡ» ይባላል። ከዳኝነቱ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ደግሞ ረዳት ዳኝነት አለ። ረዳት ዳኛው መዝገብ ይመረምራል፣ ዳኛውን ያግዛል፣ ሥራውን ከውስጥ ይማራል። ብዙ ወጣት የሕግ ምሩቃን ዓይናቸውን የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ አሁን ለዚሁ እያጠናች ነው (ስሟን አልጠራም፤ ካለፈች ራሷ ትነግራችኋለች)። ሠፈር ውስጥ ያላገኘችው አስተያየት የለም። «አትድከሚ፣ ዘመድ ከሌለሽ አይሆንም!» የሚላት አለ። «ሴት ልጅ ወንጀለኛ ፊት ተቀምጣ ምን ልትሆን?» የሚል አለ። «ዳኛ ከሆንሽ ጎረቤት ሁሉ ይጠላሻል፤ ጥብቅና አይሻልሽም?» የሚሉም አሉ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ታነባለች።

እስቲ ስለዚህ መጽሐፍ ትንሽ ላውራ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው። 3,367 አንቀጾች አሉት። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ሲሆኑ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። አሁን አንዲት የድሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይህንኑ ሕግ በእንግሊዝኛ ትማራለች፤ በእንግሊዝኛ ትፈተናለች፤ በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች። ከዚያ ወጥታ ፍርድ ቤት ስትገባ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። የክስ አቤቱታው፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው፣ ብይኑ፣ ፍርዱ ሁሉ በአማርኛ ነው። ጓደኛዬ ከባድ የምትለው ሕጉን ማወቅ አይደለም። የምታውቀውን ሕግ ተከራካሪው በሚገባው አማርኛ መጻፍ ነው የከበዳት።

እና ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ፈተናው የሚለካው ይህን ነው ወይስ ሽምደዳን? አንቀጽ ቁጥር በቃል መያዝ ዳኛ አያደርግም፤ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ። በተለይ ከ1997 ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደረገ በኋላ፣ ዳኛ መሆን ማለት አንቀጹን ብቻ ሳይሆን ሰበር እንዴት እንደተረጎመውም መከታተል ማለት ነው። እኔ ፈተና አውጪ ብሆን አንድ እውነተኛ መዝገብ፣ የሰዎቹ ስም ተቀይሮ፣ እሰጥና «ፍርድ ጻፉ፤ የተሸነፈው ወገን አንብቦ ለምን እንደተሸነፈ እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉ» እላለሁ። በቃ። አንድ ገጽ ፍርድ ከመቶ ምርጫ ጥያቄ በላይ ስለሰውየው ይነግረኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። የ2002ቱ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አዋጅ ለፌዴራል ዳኝነት በሕግ ዲግሪና ቢያንስ 25 ዓመት ይጠይቅ ነበር። 25 ዓመት! በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ 30 ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስትን ንብረት ያካፍል ማለት ነው። ለዚያውም የገንዘቡ መጠን ቀላል አይደለም። በድሮው አዋጅ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየው የፍትሐ ብሔር ክርክር እስከ 500,000 ብር ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ በታች ያለው፣ ማለትም የአብዛኞቻችን ሙሉ ሀብት፣ የሚወሰነው በዚያ እርከን ነው።

በዚህ ጉዳይ ዓለምም አልተስማማም። እንግሊዞች ዳኛ የሚያደርጉት ለዓመታት በሕግ ሙያ የሠራን ሰው ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ወጣቱን በውድድር ፈተና ተቀብለው ቦርዶ በሚገኘው የዳኞች ትምህርት ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ያሠለጥኑታል፤ አብዛኛውንም ጊዜ እውነተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ከዳኛ ጎን ያስቀምጡታል። ህንድ ደግሞ ሁለቱንም ሞክራለች። የበላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2002 ለጀማሪ የፍትሐ ብሔር ዳኞች ይጠየቅ የነበረውን የሦስት ዓመት የጥብቅና ልምድ አስቀረ። ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025፣ ያው ፍርድ ቤት ሐሳቡን ቀይሮ ሦስት ዓመቱን መለሰው። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወንበር ላይ የወጡት ጀማሪዎች ችግር ፈጥረዋል አለ።

እኔ የህንዱን መልስ እንዳለ እንድንገለብጥ አልፈልግም። ሦስት ዓመት ጥብቅና ማለት ሦስት ዓመት ያለ ቋሚ ደሞዝ ደንበኛ መፈለግ ነው። ከቤተሰቡ የሚደጎም ልጅ ይችለዋል፤ እናቱ ታይዋን ገበያ ሸቀጥ ሸጣ ያስተማረችው ልጅ ግን አይችለውም። ያኔ ዳኝነት የባለጸጋ ልጆች ሊሆን ነው። ይልቅ የራሳችን ረዳት ዳኝነት ጥሩ መላ ነው፤ ደሞዝ እየተከፈለ መማር ነው። ግን እውነተኛ ልምምድ ከሆነ ብቻ! ረዳቱ መዝገብ ተሸካሚ ሆኖ ዓመታት ካሳለፈ ልምዱ ለወረቀት ነው የሚሆነው። ዳኛው ቁጭ አድርጎ «ይህን ብይን አንተ አርቅቀው፣ ከዚያ የተሳሳትክበትን አሳይሃለሁ» ሊለው ይገባል።

ሦስተኛው የድሬ የብቻዋ ጉዳይ ነው፤ ቋንቋ። እዚህ ከተማ ከከዚራ ተነስታችሁ ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ እስክትደርሱ ድረስ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ ትሰማላችሁ። አንድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል። ችሎት ውስጥ ግን አስተርጓሚ ይቆማል። አስተርጓሚው ቢሳሳት የሚያርመው ማነው? ቋንቋውን የሚሰማ ዳኛ ካለ ዳኛው። ከሌለ ማንም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ለሚመደብ ተወዳዳሪ ከአማርኛ ሌላ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ በግልጽ ነጥብ ሊያሰጠው ይገባል እላለሁ። ይህ የብሔር ኮታ አይደለም፤ ጉርጉራ የተወለደም ሆነ ጎንደር የተወለደ ተምሮ ሊያገኘው የሚችል ችሎታ ነው። የድሬ ልጆችማ ይህን ትምህርት በነጻ፣ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወትን ነው የተማርነው።

አራተኛው ያው «ዘመድ ከሌለሽ» የሚለው ነው። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እዚህ ልፈርድ አልችልም፤ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን ወሬው ራሱ ጉዳት ነው። ጎበዙ ልጅ ሰምቶ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ያለፈችዋም ልጅ በችሎታዋ አልፋ «በሰው ነው» ትባላለች። መድኃኒቱ ደግሞ ውድ አይደለም። የጽሑፍ ፈተናው በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም። የእያንዳንዱ ተፈታኝ ነጥብ በኮዱ ይለጠፍ። ቃለ መጠይቁ ከመቶ ስንት እንደሚይዝና ምን እንደሚለካ አስቀድሞ ይነገር፤ የወደቀም የት ላይ እንደወደቀ ይነገረው። ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ሲጠየቅም ስም ብቻ ሳይሆን ሰውየው ምን ሲሠራ እንደነበር ይጻፍ። በስም ብቻ ምን ዓይነት አስተያየት ልስጥ? ዳኛ ፍርዱን ምክንያት ሰጥቶ ነው የሚጽፈው። ዳኛውን የሚመርጠው አካልስ ምክንያት ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል?

«ታዲያ ፈተና ብቻውን ጥሩ ዳኛ ያመጣል ወይ?» ብትሉኝ አያመጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብርቱካን ሚደቅሳ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ ከእስር እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውየው ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። ወጣቷ ዳኛ ግን ሕጉ ይላል ብለው ያመኑትን ጽፈው ነበር። ያንን የሚለካ የፈተና ወረቀት የለም። ሴት ልጅ ወንበር ላይ ምን ልትሆን ለሚሉት የሠፈር ሰዎችም ከዚህ በላይ መልስ የለኝም። ካስፈለገም መዓዛ አሸናፊን ልጨምርላቸው፤ በወጣትነታቸው ዳኛ ነበሩ፣ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 መርተዋል።

ድፍረትን መለካት ካልቻልን ቢያንስ ድፍረትን የማይገድል በር እናብጅ። በውለታ የገባ ዳኛ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም አንድ ቀን «እቺን መዝገብ እያት» ተብሎ ይጠየቃል። በነጥቡ የገባ ግን ለማንም ምንም አልተበደረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛን ከጡረታ ዕድሜው በፊት በቀላሉ እንዳይነሳ አድርጎ ጠብቆታል፤ ነጻ ሆኖ እንዲፈርድ። መልካም ነው። ግን ዛሬ በአንድ ጠዋት ፈተና ያሳለፍነው ሰው 30 ዓመት ሊፈርድብን ይችላል ማለትም ነው። መውጫው እንዲህ ከጠበበ መግቢያው ላይ ነው መጠንቀቅ።

የእኔ ሙያ ሰዎችም አንድ ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። እኛ ግን የምንሄደው ትልቅ ሰው ሲከሰስ ብቻ ነው። የዳኝነት ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ሴት ነው፣ ስንቱ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ይችላል ብለን እንጠይቅ። የሚከለክለን ካለ ያንንም እንጻፍ። ለእግር ኳስ ተጫዋች ዝውውር የምንሰጠውን ሰዓት ሩብ ለዳኛ ብንሰጥ ይበቃል።

ለጓደኛዬና እንደ እሷ ላሉት ደግሞ፦ ተመዝገቡ። «አይሆንም» ብለው ሳይሞክሩ የቀሩ ሰዎች ባዶ የተዉትን ወንበር የሚሞላው ማን እንደሆነ አስቡት። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ሽማግሌውንም «አንተ» ብላ ነው የምትጠራው። ችሎት ስትገባ ግን ተነስታ «ክቡር ፍርድ ቤት» ትላለች። ቃሉን ከልቧ እንድትለው የሚያደርጓት ሰዎች ያስፈልጓታል።

እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ይግጠመን!