ያልተጻፈ ልጅ ጠፋ አይባልም

«ይህን ያህል ሕፃናት ጠፍተዋል» ተብሎ ከመንግሥት ቤት ቃል በወጣ ጊዜ፥ ሕዝቡ ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ብዙ ሹማምንት ይህን እንደ ድፍረት ይቈጥሩበታል፤ እኛ ግን ምክንያቱ ቢመረመር ይሻላል እንላለን።

የላስታ ሰው የሚያስታውሰው አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ሲያልቅ የጊዜው ሹማምንት ነገሩን ሸሽገው ሰንብተዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በቆረም መጠለያ ብዙ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው ቀሩ። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራም የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ ጐድሎ 17 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ያህል ነው ቢባል፥ ነገሩ በምክር ቤት እስከ መጠየቅ ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. የታሰበውም ቈጠራ ተራዘመ። ይህን ያየ ሰው ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል?

ዋናው ጕድለት ግን ከመዝገቡ ሥር ነው፤ ጠፋ ለማለት አስቀድሞ ነበረ ማለት ያስፈልጋልና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትን መዝገብ በብዙ አንቀጽ ከዘረዘረ በኋላ፥ በቍጥር 3361 ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይጸናም አለ። ትእዛዙ ሲጠበቅ 50 ዓመት አለፈ። አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ታወጀ፥ ሥራውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 3ቱ ብቻ በመንግሥት መዝገብ መጻፋቸውን ገለጠ። የቀሩት 97ቱ ቢጠፉ በየትኛው መዝገብ ይፈለጋሉ?

በችሎት ያለን ጸሐፊዎች ይህን በየጊዜው እናየዋለን። ልጅዋን ደላላ ወደ ዐረብ አገር የወሰደባት እናት ስለ ልጅዋ ዕድሜ ብትጠየቅ፥ «በኅዳር ሚካኤል ተወለደች፤ ዓመቱን እንጃ» ትላለች። ዕለቱን ከነታቦቱ ታውቃለች፤ ሕጉ የሚጠይቃት ግን ዓመቱን ነው።

ከአንድ አለት በተፈለፈለው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነስሙ 700 ዓመት አልፎት ይታያል። በዚያው ደብር የተጠመቀች ሕፃን ግን ከካህኑና ከክርስትና እናትዋ ልብ በቀር የተጻፈችበት ላይኖር ይችላል። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ አዋጁም ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እንግዲያስ የቀበሌው መዝጋቢ እናቲቱን በጽሕፈት ቤቱ ከሚጠብቅ፥ በክርስትናው ቀን ወደ ደብሩ፥ ለእስላሙም ቤተ ሰብ ስም በሚወጣበት ቀን ወደ ቤቱ ቢሄድ ምን ይከለክለዋል?

ልጅ በጠፋም ጊዜ ስሙና የእናቱ ስም፥ የጠፋበት ቀንና ቦታ፥ አቤቱታውንም የተቀበለው ሹም ይጻፍ። ድምሩ ለሕዝብ ሲነገር፥ ዝርዝር ያልላኩት ወረዳዎች ስም አብሮ ይነበብ።