የሚሠራ ኮምፒውተር ለምን ይጣላል?



ባለፈው እትማችሁ መደበኛ ድጋፉ በቆመው ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀረን ሰዎች የሰጣችሁትን ምክር አነበብኩ። ሲጨመቅ «አዲስ ግዙ» ነው። ጸሐፊው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቀው ያውቃሉ? ወይስ ኮምፒውተር የሚገዛላቸው መሥሪያ ቤታቸው ነው?

እኔ የምተዳደረው ማመልከቻና ውል በመተየብ ነው። ላፕቶፔ ከዱባይ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የመጣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። ይሠራል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራም ነው፤ የእኔ 8 አለው። ማከማቻ 64 ጊጋ ይበቃል ይላል፤ የእኔ 256 ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚሉት የደኅንነት ቺፕም አለው። ታዲያ በምን ወደቀ? የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይቻልም ተባለ። በጉልበቱ ሳይሆን በልደቱ ወደቀ ማለት ነው።

ሕጉ ለሁሉም እኩል ቢሆን ባልከፋኝ። የዊንዶውስ አምራች ከ7ኛው ጄኔሬሽን ጥቂቶቹን ለይቶ ሲያሳልፍ ግን፣ አንዱ ራሱ ሠርቶ በሸጠው ውድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሆኖ ተገኘ። አይ አጋጣሚ!

«ለደኅንነታችሁ ነው» የሚለው ደግሞ ያስቀኛል። ማሻሻያ የማይደርሰው ኮምፒውተር ለቫይረስ እንደሚጋለጥ አላጣሁትም። ማሻሻያውን ያቆመው ማን ሆነና? ላፕቶፑማ ይሠራል። «ዊንዶውስ 11ን በአቋራጭ እንጫንልሽ» የሚሉም አሉ፤ አምራቹ ግን እንዲህ ለተጫነበት ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አልሰጥም ብሏል። «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫኚ» የሚሉኝም አሉ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስንት ዘመን በፓወር ግዕዝ መተየብ የለመደ እጄን ይዤ እንደ አዲስ ፊደል ልቁጠር? እነሱ መጥተው ይተይቡልኝ።

  

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለግል ተጠቃሚዎች ግን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የደኅንነት ማሻሻያ ተፈቅዷል። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ በአምራቹ አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ካደረገ በነፃ መመዝገብ ይችላል። ከገጽ ሙሉ ምክራችሁ ውስጥ ይህ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው አንባቢ ብር ከመበደሩ በፊት እንዲያውቀው፣ አመዘጋገቡን በሚቀጥለው እትም በዝርዝር አውጡልን።

የኮምፒውተር ጽሑፍ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ