ሐይቁ ተመልሷል፤ ፓምፑስ?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። አወዳይን አልፈን ጥቂት ስንጓዝ ከአስፋልቱ ዳር የሐራማያ ሐይቅ ይመጣል። «ይመጣል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ 8 ሜትር ገደማ ጥልቀት የነበረው ሐይቅ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ጭራሹን ደረቀ። ዓሣው አለቀ፣ የውሃ ወፎቹ ጠፉ፣ ጀልባ ሲንሳፈፍበት የነበረው ቦታ የከብት ግጦሽ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው በአገሪቱ አንጋፋ ከሆነው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1998 ዓ.ም. ስሙን ከዓለማያ ወደ ሐራማያ ሲቀይር፣ ስሙን የሰጠው ሐይቅ በቦታው አልነበረም።

ታዲያ ማን ጨረሰው? ይህን ጥያቄ በሐረር የትኛውም የበርጫ ቤት ብታነሱ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ገበሬው በጫት ጨረሰው!» እንባላለን። የሚገርመው፣ መልሱን የሚሰጠን ሰው ራሱ ጫቱን እየቃመ መሆኑ ነው።

ውሸት ነው አንልም። ጫት በበጋ ዋጋው ይወደዳል፤ በበጋ ቅጠል ለማውጣት ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል። የአባት ማሳ ለልጆች፣ የልጆቹ ለልጅ ልጆች እየተከፈለ ሲያንስ፣ በትንሿ መሬት ቤተሰብ የሚያኖር ሌላ ሰብል ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ማሽላው ለጫት ቦታ ለቀቀ፤ ስመ ጥሩው የሐረር ቡናም በየቦታው ተነቀለ። ፓምፖች በሐይቁ ዙሪያ ተደረደሩ። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎት ወርዶ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ዛፍ ያጣው ተራራ በበኩሉ አፈሩን በየክረምቱ ወደ ሐይቁ እየላከ በደለል ሞላው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተጠያቂ ተዘሏል፤ እኛ። ለአሥርተ ዓመታት የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከዚሁ ሐይቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 131,139 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 183,415 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አልተቆጠረችም፤ የከተማዋን አዳዲስ ሰፈሮች ያየ ሰው ግን ቁጥሩ የት ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያቅተውም። ገበሬው በፓምፕ ሲስብ እኛም በቧንቧ እየሳብን ነበር። ልዩነቱ የእሱ ፓምፕ ለዓይን መታየቱ ነው።

ሐይቁ ሲደርቅ በቢጫ ጀሪካን ተሰለፍን፤ ውሃ በገንዘብ ገዛን። ከዚያስ ምን ተማርን? ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካለው ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ውሃ ተራራ አቋርጦ ሽቅብ እየተገፋ መጣልን። ለተጠማ ከተማ ትልቅ ሥራ ነው፤ አናንኳስሰውም። ነገር ግን የራሳችንን ሐይቅ ጨርሰን ወደ ሌላው ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ዞርን እንጂ አጠቃቀማችንን አልቀየርንም። መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋበት ኑሮ የዚህ ዋጋ ነው።

አሁን ግን ያልጠበቅነው ዕድል መጥቷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደለል ሲጠረግ፣ በተፋሰሱ እርከን ሲሠራ፣ ዝናቡም ሲያግዝ ሐይቁ ተመለሰ። ወፎቹም ተመለሱ። ፎቶ የሚነሱት ወጣቶችም ተመለሱ፤ ደስ ይላል! እኛን የሚያሳስበን ከሁሉም በፊት የሚመለሰው ፓምፑ እንዳይሆን ነው።

«ሕዝቡ ከበዛ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚሉን ወዳጆች አሉ። እኛ ደግሞ ጀጎልን ተመልከቱ እንላለን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ግንብ ለሰው በሮች አሉት፤ ለጅብ ደግሞ ቀዳዳዎች። ጅቡ ማታ ይገባል፣ የተጣለውን ሥጋና አጥንት ያጸዳል፣ ሲነጋ ይወጣል። ቱሪስት የሚደነቅበት የጅብ ማብላት ትርኢት ከዚህ የቆየ አብሮ የመኖር ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። በጠባብ ግንብ ውስጥ ተጨናንቆ የኖረ ሕዝብ ለአውሬ መግቢያና መውጫ መተው ካወቀ፣ ለሐይቅ የሚሆን ዳርቻ መተው እንዴት ያቅተዋል?

ሥርዓት ካላበጀን የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖች የተከለለው የባቢሌ መጠለያ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት በወረቀት ላይ አለው። መሬት ላይ ግን ሰፈራና እርሻ እየገፉት ነው፤ ዝሆኑ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ገበሬው ሰብሉን ያጣል፣ ዝሆኑም ሕይወቱን ያጣል። ካርታ ብቻውን ምንም አያድንም።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ፓምፖች ይቆጠሩ፤ በበጋ ማን ምን ያህል እንደሚስብ በገበሬዎቹ በራሳቸው ስምምነት ይወሰን። ዳርቻው ሳይታረስ ይቆይ። ከላይ ሆኖ እርከን የሚሠራውና ዛፍ የሚያቆመው ገበሬ ደግሞ በባዶ ሆድ እንዲጠብቅልን መጠየቅ ነውር ነው፤ ከታች ያለነው ከተሜዎች ከውሃ ሂሳባችን ላይ ድርሻ ብንከፍለው ምን ይለናል? የሚያፈስ ቧንቧችንን እንጠግን፤ የክረምቱንም ዝናብ ከጣሪያችን እንያዝ።

ሐይቅ ሞቶ ሲነሳ ማየት ለሁሉም ትውልድ አይደርሰውም፤ ለእኛ ደርሶናል። ዳግመኛ ከደረቀ ግን «ገበሬው ነው» የምትለዋ መልስ አታድነንም። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ መንገድ ስታልፉ ፎቷችሁን ተነሡ፤ ከዚያ ዞር ብላችሁ በዳርቻው ያሉትን ፓምፖች ቁጠሩ። ቤት ስትገቡም የራሳችሁን ቧንቧ መቁጠር አትርሱ።