ሰዓት ቢቀድም ልማድ ካልቀደመ

ሰው ለሥራው ፍሬ ማነስ ሰበብ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚከስሰው ጊዜን ነው። «ቀኑ አጠረኝ፤ ጊዜ አልበቃኝም» ይላል። ዳሩ ግን ለትጉሁም ሆነ ለሰነፉ በአንድ ቀን ውስጥ የተሰጠው ሰዓት 24 ብቻ ነው። በዚሁ ጊዜ አንዱ ሙያ ሲማር፣ መጽሐፍ ሲያነብ፣ እርሻውን ሲያለማ፣ ሌላው ያለፈውን ቀን ሲያማርር ይመሻል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚደጋገም ትንሽ ሥራ፣ ማለትም ልማድ ነው። እንግዲህ መልካም ልማድ ከየት ይመጣል? ከበላይ በሚወርድ ትእዛዝ ነውን? ወይስ ከሰውየው ከራሱ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ጎረቤት በሆነችው በሱዳን የምትገኘው ኦምዱርማን ጥሩ አስተማሪ ናት።

ኦምዱርማን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ፣ በስተምዕራብ ባለው ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአገሩ ሙቀት ብርቱ ነው፤ ከዝናቡ ወራት በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህም ምክንያት የከተማዋ ሰው ከቀድሞ ጀምሮ ሥራውን በማለዳ መጀመር ለምዷል። የንጋቱ የጸሎት ጥሪ ሲሰማ ይነሣል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ወደ ሥራው ይሰማራል፤ ዋናውን ቁርስ የሚበላው ግን ረፋዱ ላይ ነው። ይህን ሥርዓት በዐዋጅ የደነገገ ማንም የለም። ያስተማረችው ፀሐይ ናት፤ ያጸናውም የዕለት ተዕለት ድግግሞሽ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2000 የሱዳን መንግሥት የአገሪቱን ሰዓት በ1 ሰዓት ወደ ፊት አስቀደመ። ከግሪንዊች ሰዓት በ2 ይቀድም የነበረው የሱዳን ሰዓት በ3 የሚቀድም ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ሰዓትም ጋር ተስተካከለ። አዲሱ አቆጣጠር በዓረብኛ ማለዳ መነሣትን በሚያመለክተው «ቡኩር» በሚለው ቃል ተጠራ። የታሰበው ሕዝቡ ማልዶ እንዲነሣና በቀኑ ብርሃን በሚገባ እንዲጠቀም ነበር። ሐሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ሙቀቱ ሳይበረታ የሚሠራ ገበሬ፣ ግንበኛ ወይም ጸሐፊ በቀትር ከሚሠራው የተሻለ እንደሚያከናውን ማንም አይክድም።

ይሁን እንጂ የቀደመው የሰዓቱ ዘንግ እንጂ ፀሐይ አልነበረችም። በጥር ወር በኦምዱርማን ፀሐይ የምትወጣው በቀድሞው አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ነበር። በአዲሱ አቆጣጠር ይኸው ንጋት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተባለ። ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት መድረስ ያለበት ሕፃን በጨለማ ተነሥቶ በድንግዝግዝ መጓዝ ግድ ሆነበት። ይህ አቆጣጠር ለ17 ዓመታት ከ9 ወራት ያህል ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ቀርቶ የሱዳን ሰዓት ወደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትእዛዝ ሠራተኛውን ከመሥሪያ ቤቱ በር ሊያደርሰው ይችላል፤ እጁን ከሥራው፣ ልቡን ከዓላማው ጋር ሊያገናኝለት ግን አይችልም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት 1 ሰዓት ይባላል። በዚህ አቆጣጠር መሠረት የቀን መጀመሪያና የሥራ መጀመሪያ የተቀራረቡ ናቸው። ሆኖም በዚሁ አቆጣጠር የሚኖር ሰው ሁሉ ትጉህ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። መልካም የሰዓት አቆጣጠር ያለው ሕዝብ ውስጥ ሰነፍ አይጠፋም፤ አቆጣጠሩ ባልተመቸው ሕዝብ ውስጥም ትጉህ ይገኛል።

ታዲያ ልማድ የሚሠራው እንዴት ነው? በመጀመሪያ፣ አዲሱን ሥራ አስቀድሞ ከጸናው ሥራ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ከራት በኋላ መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪ «መቼ ላጥና?» እያለ አይጨነቅም፤ ራቱ ራሱ ያስታውሰዋል። ሁለተኛ፣ ጅምሩ ትንሽ መሆን አለበት። በአንድ ሌሊት መጽሐፉን ሁሉ ልጨርስ የሚል ተማሪ በማግሥቱ ደክሞት ይተወዋል፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውም ለእንደዚህ ያለው ነው። በቀን 2 ገጽ ብቻ የሚያነብ ግን በዓመት ውስጥ ከ700 ገጽ በላይ ያነባል። ሦስተኛ፣ የነገን ሥራ ዛሬ ማሰናዳት ይጠቅማል። በካርቱምና በኦምዱርማን መንገድ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ ይተዳደሩ ከነበሩት ሴቶች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ከሰሉንና ስኳሩን ማታ ያላዘጋጀች ሻጭ ጠዋት ደንበኛዋ ሲመጣ ምድጃዋ አልተቀጣጠለም፤ ደንበኛውም ቆሞ አይጠብቃትም።

ልማድ ለበጎ ብቻ እንደማያገለግልም መዘንጋት አይገባም። «ልማድ ያሰርቃል ከማድ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህን ያስጠነቅቃል። ዛሬ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራውን ያዘገየ፣ ነገም ያንኑ ከደገመ፣ ከነገ ወዲያ ማዘግየቱን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ስንፍና በአንድ ቀን አይወለድም፤ እርሱም እንደ ትጋት ቀስ በቀስ ያድጋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጊዜው የራሱ ያልሆነ ሰው ስለ ልማድ ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? ጎሕ ሲቀድ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንጨት የምትለቅም፣ ማታ የምትጋግር ልጃገረድ የምታጠናው መቼ ነው? ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። ድካም የበዛበትን ሰው ሰነፍ ብሎ መንቀፍ ግፍ ነው። ስለዚህ ልማድን የሚሰብክ ሁሉ፣ ልማድ የሚዘራበትን ጊዜና ሥፍራ ለሌላው ማመቻቸትም ግዴታው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ወንድሟ እንስራውን ቢያግዛት፣ ለእርሷ የሚተርፋት ግማሽ ሰዓት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሱዳናዊው ሼህ ባቢከር በድሪ ይህን የተረዱ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በማህዲ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነው ዘምተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን አጠገብ በካረሪ በተደረገው ጦርነት የማህዲ ተከታዮች መንግሥት ሲወድቅም ዓይተዋል። የተሸነፈ ወታደር ቀሪ ዕድሜውን በቁጭት ሊጨርስ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ማስተማር ሥራ ገቡ። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት በተደጋጋሚ ከጠየቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ዕድሜያቸው 40 ዓመት አልፎ ሳለ፣ በሩፋዓ ከተማ በአንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 9 የራሳቸውና 8 የጎረቤቶቻቸው ሴት ልጆች ነበሩ። በኋላም «አህፋድ» ማለትም «የልጅ ልጆች» የተባለው ትምህርት ቤታቸው በኦምዱርማን ተተከለ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው ከተማ የሴቶች ኮሌጅ በ23 ተማሪዎች ከፈቱ፤ ኮሌጁም በጊዜ ብዛት ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ።

ከጭቃው ቤት እስከ ኮሌጁ መክፈቻ 59 ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሚያስደንቁ ቀናት ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚበዙት በር የሚከፈትባቸው፣ ሰሌዳ የሚጠረግባቸው፣ ፊደል የሚቆጠርባቸው ተራ ቀናት ናቸው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው በዚህ ተፈጸመ። ሼህ ባቢከር የሌላውን ሰው ሰዓት ለማስቀደም አልሞከሩም፤ ለመማር የሚያስችለውን በር ከፈቱ፤ በየቀኑም ከፍተው ጠበቁ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ኦምዱርማንንም አመሰቃቀላት። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ገበያዎች ተቃጠሉ፤ ብዙ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከተሰደዱትም አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ስደተኛ ቤቱን ሊሸከም አይችልም፤ ሱቁንም ሊያዛውር አይችልም። ማልዶ የመነሣት፣ የማንበብ፣ የተጀመረውን የመጨረስ ልማድ ግን ከሰውየው ጋር ድንበር ይሻገራል፤ ዘራፊም አይወስደውም።

እንግዲህ ወጣት ተማሪ ልማዱን የሚጀምርበትን ታላቅ ቀን መጠበቅ የለበትም። አዲስ ዓመት እስኪገባ ወይም ሌላ ሰው እስኪያዘው ቢጠብቅ፣ ሰዓት ያስቀደመው መንግሥት የሠራውን ስሕተት በራሱ ላይ ይደግማል። ዛሬ ማታ መጽሐፉንና ደብተሩን አሰናድቶ ይተኛ፤ ነገ ጠዋት 2 ገጽ ያንብብ፤ ከነገ ወዲያም ያንኑ ይድገም። ከዚያም የእኅቱን እንስራ ያግዛት፤ እርሷም የምታነብበት ጊዜ ይኑራት። አገርን የሚያለማው ሥራ የሚጀምረው ከእንደዚህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።