ለአንዱ ሲባል ለሁሉም

ዛሬ የራሴን ጥፋት ይዤ ቀርቤያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ልጄ በሒሳብ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አመጣ። ወረቀቱን ደብቆት ስላገኘሁ እራት ላይ፣ በእህቱና በአያቱ ፊት አነሳሁበት። «እህትህን አታይም?» አልኩት። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀምጦ ወደ መኝታው ገባ። ለሦስት ቀን ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣውም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ቴሌቪዥኑን አስጠፋችና «ከዛሬ ጀምሮ ከእራት በፊት አንድ ሰዓት ሁላችንም እንማራለን» አለች። ልጅቷ ደብተሯን፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ይዘን ተቀመጥን። እሷ ደግሞ በስልክ መልእክት መጻፍ እንዲያስተምራት ልጁን ለመነችው። ስለ ፈተናው ትንፍሽ አላለችም።

ይህን ሳይ የአሳሹ የኧርነስት ሼክልተን ታሪክ ትዝ አለኝ። «ኢንዱራንስ» የተባለችው መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንታርክቲካ በረዶ ተጨምቃ ተሰባበረችና ሰጠመች። 28 ሰዎች በረዶ ላይ ቀሩ። ሞቃቱ ባለጸጉር የመኝታ ከረጢት 18 ብቻ ስለነበር ሼክልተንና የቅርብ ረዳቶቹ ቀለል ያለውን የሱፍ ከረጢት ወሰዱ። አንዱ በብርድ መዳከሙን ሲያይ ደግሞ ለሁሉም ትኩስ ወተት እንዲቀርብ ያዝ ነበር፤ ሰውየው ለእሱ ሲባል መሆኑን አውቆ እንዳይሸማቀቅ። በኋላም 22ቱን ደሴት ላይ አስጠግቶ፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ሰባት ሜትር ገደማ በምትሆን ጀልባ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ማዕበል አቋርጦ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። ሊያወጣቸው ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልተሳካለትም። በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1916 ደረሰላቸው። ከ28ቱ አንድም ሰው አልሞተም።

ቤትም እንደ መርከብ መሪ አለው። እኔ እራት ላይ ፊት ለፊት ስናገር ደፋር የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ልጅን መቆጣት ግን ምንም አላስከፈለኝም። የከበደኝ ሌላው ነው፦ በሁሉም ፊት ያሳፈርኩትን ልጅ በሁሉም ፊት ይቅርታ መጠየቅ። በአምስተኛው ቀን ማታ፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ «ያን ዕለት አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። እናቴ ከስልኳ ቀና ሳትል «ይሄም ትምህርት ነው» አለች። ልጄ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከዚያ ወዲህ ያመጣው ውጤት ከ20 አሥራ አንድ ነው። ገና ይቀረዋል። ወረቀቱን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

እናንተም ቤት አንገቱን የደፋ ልጅ ካለ፣ ወተቱን ለሁሉም አፍሉ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።