የጤና መድህንና የጥርስ ሕክምናን በተመለከተ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ የምንሠራ የጥርስ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ አነስተኛ ገቢ ያለው ጎልማሳ ጥርሱን ሲታመም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ምን ያህል እንደሚደርስለት ተወያይተን የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር ከእኛ ብዙም የማይርቀው ተሁለደሬ አንዱ ነበር። ከሽፋኑ ውጭ ከተደረጉት መካከል የውጭ አገር ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ጥገናና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገኙበታል። ልብ ይባልልን፤ የታመመ ጥርስን ማከም አልተከለከለም። ሆኖም ጤና ጣቢያው የጥርስ ባለሙያና ወንበር ከሌለው፣ መዋጮውን የከፈለ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ የሚሰጠው ማስታገሻና ሪፈር ነው። ሪፈሩ ደግሞ የመሳፈሪያ ብርና የሥራ ቀን ይጠይቃል። ስለዚህ ቅርንፉድ ነክሶ ይሰነብታል፤ ሲብስበት ሄዶ ያስነቅላል። ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ቀድሞ ቢሞላ ይድን የነበረ ጥርስ ነው።

ሳይነቀልም የሚቆይ አለ። ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ መድህኑ የአልጋውንም የመድኃኒቱንም ይከፍላል፤ ለሙሌቱ ያልወጣው ገንዘብ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ቅድሚያ የምንጠይቀው ለጤና ጣቢያዎች የጥርስ ባለሙያና ዕቃ እንዲሟላ ነው። የተበላን ጥርስ በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት መብራት አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በሰሜኑ ጦርነት የጤና ተቋማቱ ለተዘረፉበት ሰሜን ወሎ ከዚህ የቀለለ መነሻ አይታየንም።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ከውበት ሕክምና ጋር መመደቡን አንቀበልም። የወርቅ ጥርስ ይከፈል አላልንም። ጥርሱ ያለቀበት ሰው ግን ቆሎው ቀርቶ እንጀራውንም በወጥ አርሶ ነው የሚውጠው፤ ወልቆ የሚገባው ሰው ሠራሽ ጥርስ ለእሱ መብያው ነው። ቢያንስ መክፈል እንደማይችሉ ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ለሚሸፈንላቸው አባላት ይፈቀድ።

የወረዳው የመድህን ቋት ብቻውን ይህን እንደማይችል እናውቃለን። መዋጮው ይጨመር የሚለውን ሐሳብ ግን አንደግፍም፤ አሁን ያለውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ልዩነቱን የክልሉና የፌዴራሉ ድጎማ ይሸፍን። የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት የጥቅም ማዕቀፉን ሲከልስም የጥርስ ባለሙያዎችን ከረቂቁ ጀምሮ ያሳትፍ። ጤና ጣቢያዎቹ ባለሙያ መድበው ዕቃው ከተሟላ፣ የእጅ አሞላሉን ያለ ክፍያ ለማሠልጠን አባሎቻችን ዝግጁ ናቸው።